በረዳ ስም የተጻፈው ትእዛዝ

ገዳሪፍ፣ ቅዳሜ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? ሳምሪስ እንዴት ናት? የላይኛው ጥርሷ በቀለ ወይስ አሁንም ስታወራ ታፏጫለች? የራሃድ ወንዝ ሞልቶ ወደ መፋዛ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ብቻ ሆኗል ብለው እዚህ ገበያ ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። ውኃው እናንተ ሰፈር ካልደረሰ፣ ሰሊጡም ላይ ካልተኛበት፣ ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል። እኔን ከጠየቅሽኝ አካሌ ደኅና ነው። ከዚያ አልፌ ደኅና ነኝ ብዬ ብጽፍ ግን ውሸት ይሆናል፤ ይህን ወረቀት የያዝሁት ደግሞ ላለመዋሸት ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። አንደኛ ነገር፣ ስልኩን ማን እንደሚሰማው አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ድምፅሽን ስሰማ እዋሻለሁ። ባልሽ ረዳ ከታሰረ ዛሬ ዐሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ በእነዚህ ዐሥራ አንድ ቀናት በደወልሽ ቁጥር ዋሽቼሻለሁ። አሁን ትራክተሮቹ ከሚቆሙበት አጠገብ፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ሉጥፊ ጭነቱን እየጫነ ነው። ሉጥፊን ታውቂዋለሽ፣ ባለፈው ክረምት ዘይትና ስኳር ያመጣልሽ ሹፌር ነው። ከቀትር በኋላ ይነሣል፤ ጭቃው ከፈቀደለት ሰኞ ወደ ማታ እናንተ ዘንድ ይደርሳል።

መጀመሪያ ዋናውን ልናገርና ከዚያ እንዴት እንደሆነ አስረዳሻለሁ። ረዳን ያሳሰረውን ትእዛዝ፣ ያንን በባልሽ ስም የተመዘገበውን፣ እሱ አልጻፈውም። የጻፍሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወረቀቱን አስቀምጠሽ ግቢው ውስጥ ትንሽ ተመላለሺ። ስትናደጂ መቀመጥ እንደማትችዪ አውቃለሁ። ከዚያ ግን ተመለሺና እስከ መጨረሻው አንብቢው። እዚህ ላይ ካቆምሽ ስለ ረዳ ማወቅ ያለብሽን ሳታውቂ ትቀሪያለሽ፤ እኔን ከመስደብ የበለጠ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው።

የታሰረ ዕለት ስነግርሽ ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ? ይህን በባሌ ላይ ያደረገ ሰው እጁ ይቆረጥ አልሽ። ዝም ብልሽ ምነው አሜን አትዪም ብለሽ ተቆጣሽኝ። አሜን አልሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥቼ እጄን በሳሙና ታጠብሁ። ለምን እንደታጠብሁ እኔም አላውቅም።

ረዳ ስለ ሥራችን ሲያጫውትሽ ሁልጊዜ ታንቀላፊበት ነበር፤ ዛሬ ግን እንዳታንቀላፊብኝ። ድርጅታችን ከሰማይ የሚቀበለውን ኢንተርኔት በታወር እያቀባበለ ወደ ፋው፣ ወደ እናንተ ወደ መፋዛ፣ በወዲያ በኩል ደግሞ እስከ ሐምዳይት ድረስ ይልካል። እነዚያን ታወሮች ሁሉ የሚያዝዘው ረዳ ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ አንድ ፕሮግራም ነው። ስልክሽ ላይ እንዳሉት ሥዕል የለው፣ በጣት የሚነካ ምልክት የለው። ጥቁር ገጽ ነው፤ ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። እዚያ ላይ ቃል ትጽፊያለሽ፣ አንድ ቀን ሙሉ በመኪና የማትደርሺበት ታወር ይታዘዝልሻል።

ለመግባት ስምሽንና የይለፍ ቃልሽን ትጽፊያለሽ። እሱ ብቻ አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ መግቢያ አንድ ቁጥር ወደ ሙዲሩ፣ ወደ አለቃችን ወደ ሙዘይን ስልክ ይላካል፤ እሱ አንብቦ ካልሰጠሽ አትገቢም። ከገባሽ በኋላ የምታደርጊው ሁሉ ከነሰዓቱ በስምሽ ይመዘገባል። ስትጨርሺ ኤግዚት ብለሽ ትጽፊያለሽ። የለወጥሽውን ላስቀምጠው ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፤ አዎ ትይዋለሽ፤ ይዘጋል። ኤግዚት ሳትዪ ከተነሣሽ ግን በስምሽ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ሌላ ሰው መጥቶ ቢቀመጥበት አንቺ ነሽ ብሎ ነው የሚያምነው።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ረዳ ነው። ሙዘይን ያንን ጥቁር ገጽ ከረዳ በቀር ማንም እንዳይነካው ብሎ ስላዘዘ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ነበር የሚያስቀምጠኝ። ለቢሮው ሰው ሁሉ እኔ ስልክ የምትመልስ ልጅ ነኝ፤ ከዚያ ያለፈ አውቃለሁ ብሎ የሚጠረጥርም የለም። ረዳ ግን ነገ እኔ ብታመም ማን ይሠራዋል ይል ነበር። በሌላው ነገር ታጋሽ ነው። በአንድ ነገር ግን ምሕረት የለውም፤ ኤግዚት ሳልል ከወንበሩ ብድግ ካልሁ ጣቴን በማስመሪያ መታ ያደርገኛል። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ቄስ ተማሪ እያለቃቀስሁ እስቃለሁ።

ታዲያ እሱ ራሱ ለምን ክፍት ትቶት ተነሣ ትዪኝ ይሆናል። ይሉኝታ ይዞት ነው። ሐምሌ 21፣ ሰኞ ዕለት፣ የሙዘይን ወንድም መርዶ ከሩቅ አገር መጣ፤ እዚህ ሰው ቢካ የሚለው ልቅሶ ተቀመጠ፣ ድንኳን ተተከለ። ረዳ መርዶው ሳይሰማ በጠዋት ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቢወጣ ተመልሶ ለመግባት ቁጥር ያስፈልገዋል፣ ቁጥሩ የሚመጣው ሙዘይን ስልክ ላይ ነው፣ ሙዘይን ድንኳን ውስጥ ነው። ሰዉ እጁን ዘርግቶ የፋትሓ ጸሎት እያደረሰለት፣ ወንድሙን ያጣን ሰው እስቲ ስልክህን አየት አድርገህ ቁጥር ንገረኝ ይባላል? አንቺ ትዪዋለሽ? ስለዚህ ረዳ ሦስቱ ቀን እስኪያልፍ ላለመውጣት ወሰነ። አይነካም ብሎ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈበት ወረቀት ኪቦርዱ ላይ ለጠፈና ተወው።

በዚያው ሰኞ ከላይ፣ ከመንግሥት፣ ትእዛዝ መጣ፤ የሐምዳይት ታወር ለአንድ ሳምንት ይዘጋ ተባለ። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም። ከጦርነቱ ወዲህ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም። ረዳ ጻፈ፣ ሐምዳይት ጸጥ አለች። እዚያ ሌላ መስመር የለም።

አሁን ደግሞ ከአንቺ የደበቅሁት ሌላው ይመጣል። ሐምዳይት ላይ የታወራችንን ባትሪ የሚጠብቅ ሰው አለ። ስሙ ብሩኽ ነው። ከየት እንደመጣ ስሙ ይነግርሻል፤ ተከዜን ተሻግረው ከመጡት ነው። የእኛ ዘመዶች ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ፤ የእሱም ዘመዶች እልል አይሉም። በየጠዋቱ እየደወልሁ ባትሪው ስንት ላይ እንዳለ እጠይቀዋለሁ፣ ቁጥሩን ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሥራ ነበር። እያደር ቁጥሩን ከነገረኝ በኋላ ስልኩን የሚዘጋ ጠፋ። በአካል ያየሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ባትሪ ሊያስጠግን መጥቶ ነው። እወደዋለሁ። ይኸው፣ እንደ ፈራሁት ከባድ አይደለም መጻፉ።

ብሩኽ በዚያ ሰሞን ተስፋው ተሟጦ ነበር። ድንኳን ውስጥ አምስተኛ ክረምቱን መያዙ ነው። በዚያ እሁድ ደውሎ ወደ ሊቢያ የሚያሻግሩ ሰዎች እንዳሉ፣ ረቡዕ ዐሥር ሰዓት ላይ መኪናቸው እንደሚነሣ፣ እሱም እንደሚሄድ ነገረኝ። ነግሮኝ ዝም አለ። እንዳስቆመው እየጠበቀ እንደነበር አሁን ይገባኛል። እኔ ግን ተቆጣሁ፣ ከእኔ ሳይማከር መወሰኑ አናደደኝና እንደወደድህ አልሁት። ይህን ኩራት ከማን እንደወረስሁት አንቺ ታውቂያለሽ። ሰኞ ጠዋት ልደውልለት ስል መስመሩ ተዘጋ።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። እህቴ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያንን በረሃ ሳስብ ነበር። ከገዳሪፍ ስንቱ ሄዶ የደረሰበት እንዳልታወቀ አንቺም ታውቂያለሽ። በአንድ ቃል ላስቆመው የምችል ሰው ነበርሁ፤ ቃሉን የማደርስበት መንገድ ደግሞ ከእኔ ሦስት እርምጃ ላይ፣ ረዳ ጠረጴዛ ላይ፣ ክፍት ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቢሮው ሰው ሁሉ ለሦስተኛው ቀን ወደ ልቅሶው ሄደ። የቀረነው ረዳና እኔ ብቻ ነን። የማክሰኞው አቧራ የፀሐይ ሰሌዳዎቹን አልብሷቸው ስለነበር ረዳ ሊያጥባቸው ባልዲ ይዞ ጣራ ላይ ወጣ። ውኃ ሲደፋ ይሰማኛል። ሄጄ ጠረጴዛው ፊት ቆምሁ። ከገጹ በላይ በኩል የረዳ ስም ተጽፏል። ስሙን ልብ አላልሁትም ልልሽ እችል ነበር፤ ግን አየሁት። አይቼው ወረቀቱን አነሣሁና ተቀመጥሁ።

የጻፍሁት አንድ መስመር ነው፤ ሐምዳይት ይከፈት። እርግጠኛ ነህ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልሁት። ከዚያ በስልኬ ለብሩኽ አትሂድ ብዬ ላክሁለት፤ ሌላ ምንም አልጻፍሁም። ዐሥር ደቂቃ መልስ የለም። ሃያ ደቂቃ የለም። ጣራው ላይ ውኃው ሲቆም ልቤ አብሮ ይቆማል፤ እንደገና ሲደፋ እተነፍሳለሁ። ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል አንድ ቁጥር መጣልኝ። የባትሪው ቁጥር ነበር። ታወሩ ሥር ነው፣ አልሄደም ማለት ነው። ኪቦርዱ ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ።

ከዚያ ሐምዳይትን መልሼ ዘጋሁ፤ ትእዛዙ እንደነበረ ሆነ። ቀጥሎ የሆነውን ግን ያደረገው ጭንቅላቴ አይደለም፣ እጄ ነው። ኤግዚት ብሎ ጻፈ። የለወጥኸውን ላስቀምጥ ወይ አለ፤ አዎ አለው። ገጹ ባዶ ሆነ። ለመደበቅ ብዬ አይደለም፣ እንዲህ ነው የተማርሁት። ባዶ ሲሆን ነው የደነገጥሁት። ረዳ ሦስት ቀን ተጨንቆ ክፍት ያቆየውን እኔ ዘጋሁበት፤ መልሼ እንዳልከፍተው ደግሞ ቁጥሩ ሙዘይን ዘንድ ነው።

ረዳ ባልዲውን ይዞ ወረደ። ስክሪኑን አየ። እኔን አየ። መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ አንዴ ጠፍቶ መጣ አልሁት። ያ ኮምፒውተር በባትሪ እንደሚሠራና መብራት ቢሄድ እንደማይጠፋ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እሺ አለ። እግሩን ታጠበ፣ ንጹሕ ጀላቢያ ለበሰ፣ ወደ ልቅሶው ሄደ። እኔም አመነኝ ብዬ እፎይ አልሁ። እንዲህ ያለሁ ቂል ነኝ።

በስድስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሁለት የደኅንነት ሰዎች የታተመ ወረቀት ይዘው መጡ። ሐምዳይት በተከለከለበት ሰዓት ለአርባ ደቂቃ ያህል ተከፍታ እንደነበር፣ የከፈተውም ረዳ እንደሆነ ከነሰዓቱ ተጽፏል። በእነዚያ ደቂቃዎች ማን ምን ወሬ እንዳስተላለፈ ነው ማወቅ የፈለጉት። ረዳን ለብቻው አነጋገሩት፤ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። ከእሱ ሌላ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይተሻል ወይ አሉኝ። አላየሁም አልሁ። ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፣ ሦስት ጊዜ አላየሁም አልሁ፤ ረዳን ይዘውት ሄዱ። በኋላ ብቻዬን ስሆን፣ ራሴን እንዴት አያለሁ፣ ውሸት አልተናገርሁም እያልሁ ራሴን ለማታለል ሞከርሁ። አንድ ሌሊት እንኳ አልሠራልኝም።

ምሳውን በየቀኑ ሳደርስለት ነበር። ፍልሰታ ስለገባ ሽሮና ምስር ነው፤ ውስጥ ሆኖም ይጾማል ብለውኛል። ፊቱን አያሳዩኝም፤ ዘበኛው ሳህኑን ይቀበለኛል፣ የትናንቱን ባዶ ይመልስልኛል። በአምስተኛው ቀን ግን ረዳ ከእንግዲህ አንቺ እንዳትመጪ፣ ምሳውን ሌላ ሰው ያምጣልኝ ብሏል አለኝ። አወቀብኝ፣ ጠላኝ አልሁ። ከዚያ ወዲህ የጎረቤታችን ባል ነው የሚያደርስለት። አንቺ ስትደውዪ ግን እኔ አደረስሁለት እልሽ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሙዘይን ወደ ክፍሉ ጠራኝና በሩን ዘጋ። ያ ቢቲ ብሎ ጀመረ፤ ልጄ ማለቱ ነው፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚጠራኝ። በዚያ ረቡዕ ረዳ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ሰዉ እጁን ዘርግቶ፣ ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ነገረኝ። አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ፀሐይ ገባች፣ ሰዉ እየቀነሰ ሄደ፣ ረዳ አልተነሣም። መጨረሻ ላይ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ፣ የመግቢያውን ቁጥር ለመነው። ሙዘይን ገረመው፤ ሦስት ቀን እኔን ላለማስቸገር ሳትወጣ ቆይተህ ዛሬ ለምን ወጣህ ብሎ ጠየቀው። ረዳም ተሳስቼ ኤግዚት ጻፍሁ አለው።

ሙዘይን ይህን ነግሮኝ ሻዩን አማሰለ። ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ ሲሠራ ያንን ቃል ተሳስቶ የጻፈበት ቀን የለም አለ። ያን ማታ ደግሞ ገና ማንም ማንንም አልከሰሰም ነበር፤ ታዲያ ማንን ለመሸፈን ነው ተሳስቼ ያለኝ አለ። መልስ አልጠየቀኝም። የሚያስበውን ለእነዚያ ሰዎች እንደነገራቸው፣ እነሱ ግን የአንተን ግምት ሳይሆን ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አምጣ እንዳሉት፣ ረዳም ስንት ጊዜ ቢጠየቅ እኔ ነኝ ከማለት በቀር ሌላ ቃል እንደማይወጣው ነገረኝ። ሰኞ ወደ ሌላ ከተማ ይወስዱታል አለ። ከወሰዱት በኋላ ወላሂ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም አለኝ።

እህቴ፣ ረዳ ከጣራው ሲወርድ አውቆታል። መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ መልሱን ይዞ ነው የጠየቀኝ። ተደብቆ የተቀመጠ ሌላ ሰው ቢሆን ክፍት ትቶት ነበር የሚሄደው። ያንን ፕሮግራም እንደ ሥርዓቱ ዘግቶ የሚነሣ በዚህ ከተማ ከእሱ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ያስተማረውም እሱ ነው። ምሳውን ሌላ ሰው ያምጣ ያለውም ጠልቶኝ ሳይሆን፣ እዚያ ደጅ ስመላለስ እነሱ ዓይን ውስጥ እንዳልገባ ብሎ ነው።

ሐሙስ ከሙዘይን ክፍል እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ታሰረበት ሄጄ እውነቱን ልናገር ነበር። ሄድሁም። ዘበኛው ምን ፈለግሽ ሲለኝ ባለፈው ሳህን ረስቼ ነበር አልሁት። አስገብቶ አሳየኝ፣ የማንም ሳህን የለም፣ ይቅርታ ብዬ ተመለስሁ። ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው፣ የሚያነጋግር ሰው የለም። ዝግ በመሆኑ ደስ አለኝ። ባልሽ ውስጥ ተቀምጦ እኔ ሁለት ቀን አተረፍሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ ከሁሉም ይበልጥ ያስጠላኝ ይኼ ነው።

የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። የእህቷን ባል ለማስፈታት የፈጠረችው ነው ብለው ላያምኑኝ ይችላሉ። ካላመኑኝ ወንበሩ ላይ አስቀምጡኝ እላቸዋለሁ፤ ሙዘይን ቁጥሩን ያንብብልኝ፣ ገብቼ፣ ከፍቼ፣ ዘግቼ፣ ወጥቼ አሳያቸዋለሁ። እሱን አልፈራም። የሚያስፈራኝ ካመኑኝ በኋላ ያለው ነው። ለማን ጻፍሽለት ይሉኛል፣ ስልኬን ይወስዳሉ። የሚያገኙት አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የባትሪ ነው ብላቸው ማን ያምነኛል? እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን አላምንም። ከዚያ ብሩኽን ይጠሩታል፤ ስደተኛ ነው፣ ማንም የለውም። ምናልባት ሦስታችንንም ይይዙን ይሆናል። ይህን ሳስብ ዝም ብል ይሻላል እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሰኞ ትመጣብኛለች።

ብሩኽ እዚህ የሆነውን እስካሁን አያውቅም። ታወሩ ሳምንቱ ሲያልቅ ተከፈተ፤ በየጠዋቱ የባትሪውን ቁጥር ይነግረኛል፣ እኔም እጽፋለሁ። በዚያ ረቡዕ የተነሣው መኪና የት እንደደረሰ የሰማ የለም። ስለዚህ ታወሩን መክፈትሽ ይጸጽትሻል ወይ ብትዪኝ አይጸጽተኝም። ባልሽ ታስሮ እንዲህ ብዬ መጻፌ ያሳፍራል፤ ዛሬ ግን አልዋሽም ብያለሁ። የሚጸጽተኝ አላየሁም ያልሁት ነው፤ በዚያ ላይ ረዳ ለእኔ ሲል ታስሮ ሳለ ጠላኝ እያልሁ ለራሴ ማልቀሴ።

ጥቂት ነገር ላስታውስሽ። የረዳ ልብስ ታጥቦ ተጣጥፎ ሣጥኑ ላይ ነው። የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤታችን እሰጣለሁ። ሳምሪ አባቷ መቼ እንደሚመጣ ስትጠይቅሽ ቀን ቆርጠሽ አትንገሪያት። አንቺም ይህን አንብበሽ በጭቃው እንዳትነሺ፤ ራሃድ እስኪጎድል ጠብቂ፣ ልጆቹን ለማን ትተሽ ነው የምትመጪው። ሙዘይንን አትቀየሚው፣ የሚችለውን አድርጓል። ረዳ ቤቱ ሲገባም ለምን ደበቅኸኝ ብለሽ እንዳትጣዪው። ምናልባት ያስብ የነበረው፣ ከሁለታችን አንዳችን ብንታሰር አንቺ ማንን እንደምትመርጪ መጠየቅ እንዳይመጣብሽ ነው። ብትጠየቂ ኖሮ ምን እንደምትዪ እኔም ማወቅ አልፈልግም።

ነገ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እሄዳለሁ፤ እዚህ እሁድ የሥራ ቀን ነው። ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ወይ ረዳ ተፈቷል፣ ወይ ሁለታችንም ውስጥ ነን።

ከነገ በኋላ፣ የሆነውን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ብጽፍልሽ ይሻል እንደነበር አይጠፋኝም። ሉጥፊም ሦስት ቀን ብትቆዪ ሌላ ትራክተር አለ ብሎኛል። ግን ራሴን አውቃታለሁ። ነገ ያ በር ላይ ስደርስ እንደምመለስ አውቃለሁ፤ ማንም ካላወቀብኝ እመለሳለሁ። ስለዚህ አስቀድመሽ እንድታውቂብኝ ነው የጻፍሁልሽ። ወረቀቱ ከሉጥፊ ጋር ከከተማው ከወጣ መመለሻ የለኝም።

እግዚአብሔር ባልሽን በሰላም ያግባልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ጎርፉን ከደጃፍሽ ያርቅልሽ። ለእኔ ምን እንደምትመርቂኝ አላውቅም፤ የምትዪው ከጠፋሽ ስሜን ብቻ ጥሪው።

ጭነቱ አልቋል፣ ሉጥፊ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠራኝ ነው። ልስጠው።

ይቅር ብትዪኝም ባትዪኝም፣
ታናሽ እህትሽ